ግፊት አለ፣ እሳት የለም፦ ሐረር ዳር ያለ የአንድ የወተት እርባታ የባዮጋዝ ጉዳይ

የግፊት መለኪያው መርፌ ከግማሽ በላይ ወጥቷል። ቧንቧው ሲከፈት ጋዙ በምድጃው ቀዳዳዎች እሽሽ እያለ ሲወጣ ይሰማል። ክብሪት ሲጠጋው ግን ለአፍታ ብልጭ ይልና ድርግም ይላል። አዴ አራተኛውን ክብሪት መሬት ጥለው በእግራቸው ረገጡትና ወደ እኔ ዞሩ። «አቦ፣ ይሄ ነገር ይተነፍሳል እንጂ አያበስልም!»

ጊዜው ግንቦት 2014 ዓ.ም ነው። ማብላያው፣ ማለትም እበቱ ታፍኖ ጋዝ የሚሆንበት ጉድጓድ፣ ከተገነባ ገና ዓመት አልደፈነም። ግቢው ውስጥ እበት ሞልቷል፤ ጋዙ የሚጠራቀምበት ጉልላት አልተሰነጠቀም፤ ቱቦው በሳሙና አረፋ ተፈትሾ አንድም ቦታ አያፈስም። እኔ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ፤ የዚህን ግቢ ላሞች ባዮጋዙ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ባለቤቷ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው አዴ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ግቢውና ከብቶቹ

እርባታው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከኤረር በር ወደ ታች ሲወርዱ ነው። አራት የሚታለቡ ዲቃላ ላሞች፣ ሁለት ጊደሮችና አንድ ጥጃ አሉ። መኖው እንደ ኪስና እንደ ወቅት ይለዋወጣል፦ የማሽላ አገዳ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ አንዳንዴም የቢራ ፋብሪካ አተላ። ወተቱ ጠዋት ለደንበኛ ቤቶችና ለሻይ ቤቶች ይከፋፈላል፤ የተረፈው ቤት ውስጥ ሆጃ ይፈላበታል። የቡና ቅጠል በወተት ሳይጠጡ ሥራ የሚጀምር ሰው እዚያ ቤት አላየሁም።

ከባዮጋዙ በፊት እበቱ ሦስት መንገድ ነበረው። ጥቂቱ በበጋ ኩበት ይጠፈጠፋል። ጥቂቱን ጫት ያላቸው ገበሬዎች በአህያ ጋሪ ይወስዱታል። የቀረው ከበረቱ ጀርባ ይከመራል፤ ክምሩ ዝናብ ሲመታው ወደ ጎረቤት ግቢ ይወርዳል። ዝንቡና ሽታው ሁለት ጊዜ ለሽማግሌ አድርሷቸዋል። አዴ ወደ ባዮጋዝ የገቡት ስለ ጋዝ ብለው አይደለም። «ጎረቤቴ እንዲስቅልኝ ብዬ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ማብላያው

የተሠራላቸው ማብላያ አገር ውስጥ «ስንዱ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከመሬት በታች የሚቀበር፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ ጉልላቱ የማይንቀሳቀስ። ሥረ መሠረቱ ከኔፓል የመጣ ንድፍ ሲሆን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ በ2001 ዓ.ም ገደማ ሥራ ሲጀምር ለአገራችን አስተካክሎ ያሰራጨው ነው። ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያው ማብላያ ግን በ1950 ዓ.ም አካባቢ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ተሠርቶ የእርሻ መሣሪያ መበየጃ እሳት እንዲሰጥ ታስቦ ነበር።

የአዴ ማብላያ 8 ሜትር ኩብ ነው። ግንበኛው 10 እንሥራ ብሎ ተሟግቷቸው ነበር፤ እሳቸው ሲሚንቶውን አስበው እምቢ አሉ። ጉድጓዱ ግማሹ ላይ አለት ገጠመውና በዶማ የተጀመረው በድጅኖ አለቀ። ይሄኛውን እዘለዋለሁ፤ ሐረር ላይ ጉድጓድ የቆፈረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህ መጠን የሚነገረው የየቀን ቀለብ 48 ኪሎ ትኩስ እበትና 48 ሊትር ውሃ ነው፤ እኩል በእኩል። አንድ ኪሎ ትኩስ የላም እበት ደህና ከተብላላ እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ በቀን ወደ 2 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጋዝ፣ ማለትም በአንድ ምድጃ ከአራት ሰዓት በላይ እሳት ይጠበቃል። በከሰል ቢመነዘር ሦስት ኪሎ አካባቢ ነው።

እበቱ ችግር አልነበረም። በረት ታስረው የሚመገቡ ዲቃላ ላሞች እያንዳንዳቸው በቀን 20 ኪሎ አካባቢ ይጥላሉ፤ ግቢው ከሚያስፈልገው እጥፍ ነበረው። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ሒሳቡን እዚህ ላይ ዘጋነው።

ቅጹ ላይ ያለችው አንዲት መስመር

ከግንባታው በፊት የሚሞላ ቅጽ ነበር። ስንት ከብት አለ? በረቱ ከኩሽናው ስንት ሜትር ይርቃል? ድንጋይና አሸዋ ማን ያቀርባል? ከእነዚህ መካከል አንዲት መስመር «ውሃ በቅርብ አለ?» ትላለች። ቅጹን የሞላው ሰው ግቢው ውስጥ ቧንቧ ስላየ «አለ» ብሎ ምልክት አደረገ። ሐረር የኖረ ሰው ግን ቧንቧ አለ ማለት ውሃ አለ ማለት እንዳልሆነ አይጠፋውም።

ከተማው በፊት ውሃውን ከሐረማያ ሐይቅ ያገኝ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ሰው በጀሪካን ሰልፍ ኖረ። ከዚያ በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ከሀሰሊሶ የጉድጓድ ውሃ መጣ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። እኛ በመኪና የደንገጎን ዳገት እያቃሰትን የምንወጣውን ያህል ከፍታ ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ይወጣዋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ቱቦ ሲሰበር የውሃ ፈረቃው ይዘላል። ውሃ የሚመጣበት ቀን ለአንድ ቤተሰብ እንደ ገበያ ቀን ነው፤ ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላል፣ ሕፃን የሚታጠበውም ያን ቀን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። አንዲት የምትታለብ ዲቃላ ላም በቀን 50 ሊትርና ከዚያ በላይ ትጠጣለች። አራቱ ብቻ ከ200 ሊትር በላይ ይፈልጋሉ። ጊደሮቹ፣ የጡት ማጠቢያው፣ የወተት ዕቃው፣ የቤቱ ሰው አለ። በዚህ ላይ 48 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካንና ትንሽ፣ በየቀኑ መሬት ውስጥ ላለ ጉድጓድ ይሰጥ ተባለ። ውሃ በመጣበት ቀን ማንም ልብ አይለውም። ፈረቃው ከሳምንት አልፎ በቦቴ ሲገዛ ግን ላሟን ወይስ ጉድጓዱን የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ወተት የሚሸጥ ሰው መልሱን አያመነታበትም። በሐረር የባዮጋዝን ዕድሜ የሚወስነው እበቱ ሳይሆን ውሃው ነው የምለው ከዚህ ግቢ ተነስቼ ነው።

እሳቱ እንዴት ጠፋ

ጅምሩ ጥሩ ነበር። ሰኔ 2013 ላይ ማብላያው በእበትና በውሃ ተሞላ። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ስለሆነ አይነድም፤ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ተለቀቀ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ታየ። አዴ የመጀመሪያውን ሆጃ በጋዝ አፍልተው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፤ ለሽማግሌ የከሰሷቸውም መጥተው ጠጡ። እስከ ኅዳር ድረስ ቁርሱ፣ ምሳው ወጥ፣ ማታ ሻይ በጋዝ ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ እሳቱ ቀነሰ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ጋዙን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን 35 ዲግሪ አካባቢ ደስ ይላቸዋል፤ የሐረር ሌሊት በዚያ ወቅት ይበርዳል፣ አፈሩም አብሮ ይቀዘቅዛል። ያው ማብላያ፣ ያው እበት ድሬዳዋ ላይ ቢሆን የተሻለ በሰጠ ነበር። ግን ይህን ለአዴ ቀድሞ የነገራቸው የለም፤ ስለዚህ ነገሩ ተበላሽቷል ብለው አሰቡ።

ጥር ላይ ፈረቃው ተራዘመ። ማብላያውን የሚቀልበው ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ውሃውን መጀመሪያ በአንድ ጀሪካን ቀነሰ፣ በኋላ ወደ ግማሽ ጀሪካን ወረደ። የሚገባው ድብልቅ እንደ ቀጭን አጥሚት መሆን ሲገባው እንደ ገንፎ ሆነ። ወፍራም ድብልቅ ወደ ውስጥ አይወርድም፣ መግቢያው ላይ ይከማቻል፤ የወረደውም በውስጥ ያለው ፈሳሽ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ጋዙ ከቅርፊቱ ሥር ይታፈናል። እሳቱ ከቀዝቃዛው ወር በኋላ መመለስ ሲገባው ይበልጥ ወረደ።

ልጁ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የምግብ ትራፊ ከእበት በላይ ጋዝ እንደሚሰጥ የሆነ ቦታ ሰምቷል። የሰማው ውሸት አይደለም፤ ላሟ እበቱን ከመጣሏ በፊት ዋናውን ጉልበት ወስዳለታለች፣ እንጀራና አተላ ግን ገና ያልተነካ ጉልበት ይዘዋል። ስለዚህ የቤቱን ፍርፋሪ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የተበላሸ ወተት፣ ከላሞቹ የተረፈ የቢራ አተላ ወደ መግቢያው መገልበጥ ጀመረ። ገራባም፣ የጫት ትራፊውን፣ ጨመረበት። ሐረር ላይ ገራባ ከሚያልቅ ዝናብ ቢያልቅ ይቀላል፤ ፍየል የማትበላው ገንድ ገንዱ ሁሉ ገባ። ለጥቂት ቀናት መርፌው ተነሳ። ልጁ ደስ አለው፣ ጨመረ።

እዚህ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ሥራው የአንድ ተሕዋስ ሥራ አይደለም፤ ቅብብሎሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምግቡን ይሰባብሩና አሲድ ያደርጉታል፤ እነዚህ ፈጣኖች ናቸው፣ የመጣላቸውን ሁሉ ይበላሉ። የመጨረሻዎቹ ከዚያ አሲድ ውስጥ ሚቴን ይሠራሉ፤ እነዚህ ዘገምተኞች፣ ብርድና አሲድ የማይወዱ፣ ቶሎ የሚሞቱ ናቸው። እንጀራና ወተት በብዛት ሲገባ ፈጣኖቹ አሲዱን ያመርታሉ፣ ዘገምተኞቹ መቀበል ያቅታቸዋል፣ አሲዱ ይጠራቀማል። አሲዱ ሲበዛ ዘገምተኞቹ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፦ ጉልላቱን ይሞላል፣ መርፌውን ያነሳል፣ አይነድም። ግንቦት ላይ አዴ ኩሽና ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ የልጁ ጥፋት ሆኖ ቢቀር ይቀለኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ግን አንዷ ላም የጡት በሽታ ይዟት በጡቷ ቀዳዳ የሚገባ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። የመድኃኒቱ ቀናት እስኪያልፉ ወተቷ ለሰው እንዳይሸጥ የነገርኩት እኔ ነኝ። አዴ አልሸጡም፤ ብዙ ሰው የሚሸጠውን እሳቸው በየቀኑ ደፉት። የት እንደሚደፋ ግን አልነገርኳቸውም። የደፉት መግቢያው ውስጥ ነው። ተሕዋስ ሊገድል የተሠራ መድኃኒት ያለበትን ወተት ተሕዋስ ወደሚያድርበት ጉድጓድ መላክ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን በረቱ በበረኪና ታጥቦ እጣቢውም ወደዚያው ወርዷል።

ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ላይ አምስት ነገር ተደራርቦበታል፦ ብርዱ፣ የውሃ እጥረቱ፣ የምግብ ብዛቱ፣ መድኃኒቱና በረኪናው። የመጀመሪያውን ማንም አያስቀረውም። ሁለተኛው ሦስተኛውን ጎትቶ አመጣው፤ ውሃ ባይቀንስ ልጁ ሌላ ነገር አይፈልግም ነበር።

ማዳኑ

ከማውጫው በኩል ፈሳሽ ቀድተን አሲድነቱን የሚያሳይ የፒኤች ወረቀት ስንነክርበት ከ6 በታች አሳየ። ጤነኛ ማብላያ 7 አካባቢ ነው። ሽታውም እንደ ወትሮው የበረት ሳይሆን የሚቆመጥጥ፣ እንደ ከረመ እርሾ ነበር። አፍንጫ የለመደ ሰው ወረቀትም አያስፈልገው።

መጀመሪያ ያደረግነው ምንም አለመጨመር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መግቢያው ተከደነ። ይህን ለአዴ ማስረዳት ከሁሉ ከበደ። «የታመመን ማስራብ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?» አሉኝ። ሆዱ የተነፋን በሬ ሳር ትሰጪዋለሽ ወይ ልል የነበረውን አፌ ላይ መልሼ፣ «አዴ፣ የተነፋ በሬ ሳር ይሰጡታል?» አልኳቸው። ገባቸው፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለጎረቤት ሲያስረዱ «ሆዱ ተነፍቶ ነው» ማለት ጀመሩ።

በሁለተኛው ሳምንት መግቢያው ላይ የተጋገረውንና የገራባ ገንዱን በረጅም እንጨት አወጣነው። ማንም ወደ ውስጥ አልገባም። ማብላያ ባዶ ቢመስልም ሰው ሊገባበት አይገባም፤ ውስጡ ኦክስጅን የለም፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝም ሲበዛ ሽታው መሰማቱን ያቆማል። የማይነደውን ጋዝ ውጭ ስንለቀው ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳይጠጋ አደረግን፤ ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳልና «አይነድም» ተብሎ አይታመንም።

ከዚያ ኖራ በውሃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለት ቀኑ ገባ። ኖራ አሲዱን ያበርደዋል እንጂ የሞቱትን ተሕዋስያን አያስነሳም። ለዚያ እርሾ ያስፈልጋል፤ ሊጥ ያለ እርሾ አይነሳም። ወደ ሐረማያ መንገድ ላይ ደህና የሚሠራ ማብላያ ያለው ሰው ስለማውቅ ከማውጫው የሚወጣ አሥር ጀሪካን ቅሪት ለመንኩት። ጫት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ጫነልን። ሹፌሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አወዳይ ድረስ መጣ፤ አወዳይ ላይ ግን አንዱ ክዳን ላላና የጠየቀውን ሁሉ ጠየቀ። ሐረር ስንደርስ የተስማማንበትን ዋጋ በእጥፍ አስከፈለን፤ አልተከራከርኩም።

ቅሪቱ ከገባ በኋላ ቀለቡ በ10 ኪሎ እበት ብቻ ተጀመረ፤ በየአራት ቀኑ ጥቂት እየተጨመረ። ኖራውን ከጀመርን በ26ኛው ቀን ነበልባሉ ሳይጠፋ ጸና፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሰማያዊ።

ውሃውን ከየት?

እሳቱን መመለስ የጉዳዩ ግማሽ ነው። ውሃው ካልተስተካከለ በሚቀጥለው ጥር ያው ይደገማል። ስለዚህ በክረምቱ ሥራው ሁሉ ወደ በረቱ ወለል ዞረ።

የበረቱ ወለል ድንጋይ ነበር፤ ሽንቱ በድንጋዩ መካከል ይሰርጋል። ወለሉ በሲሚንቶ ተለስኖ ወደ መግቢያው ትንሽ ዘንበል እንዲል ተደረገ፤ ከላሞቹ ኋላ ቦይ ተበጀ። አሁን ጠዋት ላይ ከ20 ሊትር የማያንስ ሽንት ከእበቱ ጋር ራሱ ይመጣል። ሽንት ናይትሮጅን አለው፤ ከመጠን ካለፈ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ተሕዋስያኑን ይጎዳል፤ ስለዚህ ከፈሳሹ ግማሹን እንዳያልፍ ወሰንን። ለቀረው ሦስት ምንጭ አለ፦ የወተት ዕቃ የመጀመሪያ እጣቢ (ሳሙና ያልገባበት)፣ የእህልና የአትክልት እጣቢ፣ ከማውጫው የሚቀዳ ቀጭን የቅሪት ፈሳሽ። የመጨረሻው ሁለት ጥቅም አለው፤ ውሃ ይቆጥባል፣ እግረ መንገዱንም አዲሱን እበት ከነባሮቹ ተሕዋስያን ጋር ያገናኛል።

ጣሪያውም ተቆጠረ። የበረቱ ቆርቆሮ 40 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብናስብ 28 ሺህ ሊትር ይወርድበታል፤ የሚባክነው ባክኖ እንኳ ማብላያው ዓመቱን ሙሉ ከሚጠጣው 17 ሺህ ተኩል ሊትር ይበልጣል። ችግሩ ዝናቡ በበልግና በክረምት ተሰብስቦ መምጣቱ ነው፤ ለበጋ የሚያቆየው ዕቃ የለም። አዴ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዙ። ይህ ለአርባ ቀን ንጹሕ ውሃ ነው፤ ከሽንቱና ከእጣቢው ጋር ሲሆን ግን ከሦስት ወር በላይ ይዘልቃል። ፈረቃው የሚዘገይበትን ወቅት ያሻግራል ማለት ነው።

ሁለት ሕግም ወጣ፤ የበረቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ተጽፏል። በረኪና ወደ ቦዩ አይወርድም፤ ሲታጠብ ቦዩ በድንጋይ ተዘግቶ እጣቢው ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል። መድኃኒት የወሰደች ላም ወተትና እበት መግቢያው አይገባም፤ ራቅ ያለ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። ገራባ ላይ ሕግ አላስፈለገም። ልጁ ገንዱን ራሱ ካወጣ በኋላ ተምሯል፤ እንጨት እንጨት የሆነ ነገር እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ አይብላላም። ቅጠሉ ለፍየል፣ ገንዱ ደርቆ ለምጣድ ሄደ።

ምጣዱ

ባዮጋዝ ሲተዋወቅ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፦ በተለመደው ምድጃው እንጀራ አይጋግርም። የምድጃው እሳት ጠባብ ነው፤ ምጣድ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሞቅ አለበት። አዴ ሞክረውታል፤ መሃሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ቀረ። በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ በእንጨትና በገራባ ይጋገራል፣ መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ምጣድ። በአገራችን ኩሽና ብዙውን እንጨት የሚበላው ምጣዱ ስለሆነ «ባዮጋዝ እንጨትን ያስቀራል» የሚል ሰው እዚህ ግቢ መጥቶ ቅዳሜ ጠዋት ጭሱን ይይ። ቡናም በከሰል ነው። ይሄኛው የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፤ አዴ በጋዝ የተፈላ ቡና እንግዳ ፊት አያቀርቡም።

ቢሆንም በሁለት ሳምንት ያልቅ የነበረ አንድ ማዳበሪያ ከሰል አሁን ከወር በላይ ይቆያል። ወጥ፣ ሾርባ፣ ሻይና ሆጃ፣ የወተት ዕቃ ማጠቢያ ሙቅ ውሃ በጋዝ ናቸው። የመጨረሻውን ማንም አላሰበውም ነበር፤ ዕቃው በሙቅ ውሃ መታጠብ ከጀመረ ወዲህ ወተቱ ደንበኛ ቤት ሳይደርስ የሚቋጥርበት ቀን ቀንሷል።

ቅሪቱ

ሌላውን ማዳበሪያ ላንሳ፤ ጆንያውን ሳይሆን ለመሬት የሚሆነውን። ከማውጫው የሚወጣው ቅሪት እንደ ድሮው ክምር አይሸትም፣ ዝንብም ብዙ አይወደውም። እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ ማብላያ ውስጥ ሲያልፍ ግን አብዛኛው ይቀራል፣ ተክል ቶሎ በሚወስደው መልክም ይሆናል። ለዚሁ ነው ፀሐይ ላይ መድረቅ የሌለበት፤ ሲደርቅ ያ ናይትሮጅን በአየር ይጠፋል። አዴ በመጀመሪያው ዓመት አድርቀውት ነበር። አሁን ጥላ ባለው ጉድጓድ ከአገዳ ትራፊ ጋር ተደራርቦ ይከርማል፣ ወይም በፈሳሽነቱ በጀሪካን ይሄዳል።

ድሮ እበቱን በነፃ ይወስዱ የነበሩት የጫት ገበሬዎች በመጀመሪያ ይህን ፈሳሽ አልፈለጉትም፤ «ጉልበቱን የተቀማ ነገር» ይሉት ነበር። አንዱ ግን ሽንኩርቱ ላይ ሞከረ። በሚቀጥለው ወር ጋሪውን ይዞ ብቻውን መጣ፤ በሦስተኛው ወር ከወንድሙ ጋር። አሁን አዴ ያስከፍሉታል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን የልጁን የታክሲ ይችላል። ጎረቤቱም ክሱን ትቷል።

የዛሬው ሁኔታ

ይህን ስጽፍ ማብላያው ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል። በኅዳርና በጥር መካከል እሳቱ ከአራት ሰዓት ወደ ሦስት ይወርዳል፤ አዴ አሁን አይደነግጡም፣ ለእነዚያ ወራት ከሰል አስቀድመው ይገዛሉ። አንድ ጊዜ ነበልባሉ እየዘለለ አስቸግሮ ነበር። ቱቦው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ እርጥበት ተጠራቅሞ ነው፤ ውሃ ማስወገጃው ሲከፈት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ወጣና ተስተካከለ። ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዷል፤ ቀለቡን የያዘችው ታናሽ እህቱ ናት፣ ከእሱ ይልቅ ጠንቃቃ ነች። ቀኑንና መጠኑን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ያንን ደብተር ነው።

ባለፈው ሰኔ ከሸዋ በር በኩል አንድ ሰው መጣ፤ አምስት ላሞች አሉት፣ ማብላያ ሊያሠራ አስቧል። ስለ ላሞቹ ዘር፣ ስለ እበቱ ብዛት፣ ስለ ሲሚንቶው ዋጋ ብዙ አወራ። አዴ ሆጃቸውን እየጠጡ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁት።

«ላሞችህን ተዋቸው» አሉት። «ሮቶህ ስንት ሊትር ነው?»

«ሮቶ የለኝም፤ በርሜል ነው። ግን ቧንቧ አለኝ።»

አዴ ወደ እኔ አዩና ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ና፣ መጀመሪያ በረቱን ላሳይህ» ብለው ተነሱ።